አይዞሽ ከመረቡ ማዶ

ውድ ሽቦ፣

«ውድ» ያልኩሽ እጄ ስለለመደ ነው። ልሰርዘውና ሌላ ልተካበት ፈልጌ ነበር፤ ላንቺ የሚመጥን ስድብ ስፈልግ ሻዬ በረደ። ስለ ጤናሽም አልጠይቅሽም። ቅዳሜ ዕለት ፊሽካሽን አንገትሽ ላይ አንጠልጥለሽ ስትንጎራደጂ በዓይኔ በብረቱ አይቼሻለሁ፤ ድንቅ ነሽ።

ይህን የምጽፈው ከሰባት ዓመት በፊት ስለተሸነፍኩት የባድሜንተን ፍጻሜ እንዳይመስልሽ። እሱን ውጬዋለሁ፣ ወይም ውጬዋለሁ እያልኩ ነው የኖርኩት። የምጽፈው ስለ ልጄ ነው። ምን እያደረግሻት እንደሆነ ቁጭ ብለሽ ትሰሚኛለሽ። ለዚህ ደግሞ ከመጀመሪያው መነሳት አለብኝ።

እውነቱን ለመናገር ተንኮሉን የጀመርነው አብረን ነው። አንቺ ሽቦ፣ እኔ ጉልቤ ተብለን ጥንድ ሆነን ስንጫወት፣ ባላጋራችን ሦስት ነጥብ አከታትላ ስትሞቅ፣ አንቺ ጎንበስ ብለሽ ያልተፈታ የጫማ ክርሽን ፈትተሽ እንደገና ታስሪያለሽ። እኔ የላባ ኳሷን አገላብጬ አይና «ዳኛ፣ ይቺ ተበላሽታለች፣ ትቀየርልን» እላለሁ፤ አንዲት ላባ እንኳ ሳትነቀል። ከሁሉ የከፋችው ግን ያንቺ ሙገሳ ነበረች። ሜዳ ስንቀያየር ጠጋ ትዪና «ዛሬ የራኬት አያያዝሽ እንዴት ያምራል! ለወጥሽው እንዴ?» ትያታለሽ። ምስኪኗ ከዚያ በኋላ ስለ ጣቶቿ እንጂ ስለ ጨዋታው አታስብም። ያቺ ነርስ ትዝ ትልሻለች? አያያዟን ካደነቅሽላት በኋላ መለጋት ጠፋባትና አራት ጊዜ ተከታታይ መረቡ ላይ ለጠፈችው። እኛ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ገብተን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ። አልክድም።

ከዚያ የቀኝ እጄ አንጓ ጅማት ተበጠሰ። ቀዶ ጥገናው ካለቀ በኋላ ሐኪሙ አንዲት የላስቲክ ኳስ ሰጥቶኝ «በቀን ሦስት ጊዜ ጨምቂያት» አለኝ። ቀላል ይመስላል። ስጨምቃት ግን እንባዬ ዱብ ዱብ ይል ነበር። አንቺ በየቀኑ ከሥራሽ ስትወጪ የምሠራበት የልብስ ስፌት ድርጅት ድረስ ትመጪና፣ ጨርቅ የምቆርጥበት ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ቁጭ ትዪና፣ «አይዞሽ ጉልቤ፣ አንዴ ብቻ» ትዪኝ ነበር። «አይ» ላይ ሳብ ታደርጊውና «ዞሽ» ላይ ድምፅሽን ዝቅ ታደርጊዋለሽ። አራት ወር ሙሉ። የዳንኩት በሐኪሙ ይሁን በዚያ ድምፅ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ለባሌ እንኳ ያልነገርኩትንም ለአንቺ ነገርኩሽ፦ በእጄ ጀርባ በኩል በመታሁ ቁጥር አንጓዬ የሚከዳኝ ይመስለኛል፤ እፈራለሁ አልኩሽ።

ቀጥሎ ለትልቁ ውድድር ከሁለታችን አንዷ ብቻ እንደምትሄድ ተነገረንና ፍጻሜው ላይ ተፋጠጥን። ሦስተኛው ዙር፣ አሥራ አራት እኩል። ኳሱን ደጋግመሽ ወደ ፈራሁት ጎን ላክሽብኝ። በዚህ አልተቀየምኩሽም፤ ጨዋታ ነው፣ ድክመቴን የሚያውቅ ማንም ሰው ያደርገዋል። አንዷን መረቡ ላይ ስመታት ግን ራኬትሽን ዝቅ አደረግሽና፣ አዳራሹ ሁሉ እየሰማ፣ «አይዞሽ» አልሽኝ። በዚያችው ድምፅ፣ «አይ» ላይ ሳብ አድርገሽ። አንጓዬ ስፌቱ የተፈታ ያህል ላላ። ቀጣዩንም ሳትኩ። «አይዞሽ።» ከዚያ የሚቀጥለውንም።

ዳኛው ዘንድ ሄድኩ።

«አስቁማት!» አልኩት።

«ምን አለችሽ?»

«አይዞሽ አለችኝ።»

ከከፍተኛ ወንበሩ ላይ ቁልቁል አየኝ። «እና ምን ትበልሽ? ሰደበችሽ እንዴ?»

ሰዉ ሳቀ። እኔ ጮህኩ፤ ቢጫ ካርድ ተሰጠኝ። አንቺ አሸነፍሽ፣ ይባስ ብሎ የጨዋነት ዋንጫውም ላንቺ ሆነ። የጨዋነት! የኔ ስም ደግሞ «አይዞሽ ሲሏት የምትጮኸው» ሆኖ ቀረ። ሰው በምን ተሰደብሽ ቢለኝ ምን ብዬ ላስረዳ? ያንን ድምፅ ጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ ከእኔ በቀር ማን ሰምቶታል? ይህንን አሳምረሽ ታውቂ ነበር። ለዚህም ነው የመረጥሽው።

ያኔ ልጽፍልሽ ይገባኝ ነበር፤ ዝም አልኩ። አሁን የሚያንገበግበኝ ያ ዝምታዬ ነው። ልጄ ራኬት ስትወድ፣ በአካባቢያችን ካንቺ የተሻለ አሰልጣኝ ስላልነበረ፣ ቂሜን ዋጥ አድርጌ እጇን ይዤ አመጣሁልሽ። ስላለፈው ነገር አንድም ቃል አልነገርኳትም። ግንባሯን ሳምሻት፣ የእግር አጣጣሏን አስተካከልሽላት፣ ስለ «አሰልጣኝ» ስታወራ አፏ አይዘጋም ነበር። ሰው ይለወጣል ብዬ ራሴን አሞኘሁ።

ቅዳሜ የሆነውን አንቺም አይተሻል፤ እንዴት እንዳየሁት ግን ልንገርሽ። የልጄ ባላጋራ ያቺ ወፍራም መነጽር ያደረገች ቀጭን ልጅ ነበረች፤ እየመራች ነው። አንድ ኳስ ሳተች። ልጄ ራኬቷን ዝቅ አደረገችና «አይዞሽ» አለቻት። «አይ» ላይ ሳብ አድርጋ። ልጅቷ መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች፣ እንደገና ሳተች። «አይዞሽ።» ከፊቴ የተቀመጡ እናት ወደ ጎረቤታቸው ዞረው «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት! ማን ይሆን ያሳደጋት?» አሉ። አንቺ ጥግ ይዘሽ፣ ደስ ብሎሽ፣ ራስሽን ትነቀንቂ ነበር። መነጽር ያደረገችው ልጅ መጨረሻ ላይ ያለቀሰችው በመሸነፏ እንደሆነ ነው ሰው ሁሉ ያሰበው።

አውቶቡስ ውስጥ ጠየቅኳት። «ለምንድነው ልጅቷን አይዞሽ ያልሻት?»

«አሰልጣኝ ናታ ያስተማረችን» አለችኝ፣ ቀለል አድርጋ። «ብትሰድቢያት ተናዳ ትበረታብሻለች፣ ካዘንሽላት ግን ለራሷ ማዘን ትጀምርና እጇ ይፈታል ትለናለች። ድምፁን እንለማመዳለን እኮ፣ እማዬ።»

«ትለማመዳላችሁ?»

«አዎ። ማክሰኞ ማክሰኞ። ሁለት ሁለት ሆነን።»

ማክሰኞ ማክሰኞ! አንቺ ሴትዮ፣ ጤነኛ ነሽ? የአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች አሰልፈሽ ማዘንን እንደ እግር አጣጣል ታስለማምጃለሽ? የጫማ ክር ብታስፈቻቸው፣ ኳስ አስቀይሩ ብትያቸው፣ ብስቅም እስቅ ነበር፤ እሱ ተንኮል ነው፣ ተንኮል ደግሞ ተንኮል መሆኑ ያስታውቃል። ይሄኛው ግን ሰው ሲወድቅ ለማንሳት ያለን ቃል ነው። እኔን ያነሳሽበት ቃል ነው! አንድ ጊዜ ጣልሽኝበት፣ እሺ፣ ለትልቁ ውድድር ቦታ ስትዪ ነው አልኩ። አሁን ግን ሥራዬ ብለሽ፣ በፕሮግራም፣ በፊሽካ ታስተምሪዋለሽ።

ሰኞ ደግሞ እንዲህ ሆነ። ቀኑን ሙሉ ወፍራም ጨርቅ ስቆርጥ ውዬ አንጓዬ አብጦ ቤት ገባሁ። ልጄ ሳልጠይቃት በረዶ በፎጣ ጠቅልላ አመጣችና አንጓዬ ላይ አድርጋ «አይዞሽ እማዬ» አለችኝ። እኔ ምን አደረግኩ መሰለሽ? ቀና ብዬ ፊቷን አየሁ። የምሯን ይሁን አይሁን ፊቷ ላይ ፈለግኩ። የገዛ ልጄን፣ ሽቦ! እንደ ባላጋራ አየኋት። እሷም ምን እየፈለግኩ እንደሆነ ገባት። «እማዬ፣ የምሬን ነው እኮ» አለችኝ።

ልጅ እናቷን አይዞሽ ብላ፣ ከዚያ ደግሞ የምሬን ነው ማለት አለባት? በየትኛው ቤት?

አጠገቤ አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። ነርሷን፣ ሳቃችንን፣ የላስቲክ ኳሷን፣ ፍጻሜውን። የራሴን ድርሻ አልቀነስኩም፣ አንቺ አራት ወር ሙሉ መመላለስሽንም አልደበቅኩም። ስለ አንቺም ስለ እኔም ምንም አልጠየቀችም። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ያቺን መነጽር ያደረገችውን ልጅ ሄጄ ይቅርታ ብላት፣ ታምነኛለች?»

መልስ አጣሁላት። እስካሁንም የለኝም።

ትናንት ልምምድ ያልመጣችው አሟት አይደለም፤ እኔ ነኝ ያስቀረኋት። ከቡድንሽ ግን አላስወጣትም፤ መጫወት ትወዳለች፣ ይሄንንም እንድትቀሚያት አልፈቅድልሽም። የሚመጣው ማክሰኞ አሥር ሰዓት ላይ ይዣት እመጣለሁ። ልጆቹን ሰብስበሽ ያደረግሽኝን በራስሽ አፍ ትነግሪያቸዋለሽ፤ እምቢ ካልሽ እኔ እነግራቸዋለሁ፣ የኔንም ጥፋት ጨምሬ። ከዚያ እዚያው ይቅርታ ትዪኛለሽ።

ላምንሽ ቃል አልገባልሽም። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፦ ይቅርታ ስትዪኝ ልጄ አንቺን አይደለም የምታየው፣ እኔን ነው። የጠየቀችኝን መልስ የምትፈልገው ፊቴ ላይ ነው። ስለዚህ እባክሽ፣ ለአንድ ቀን እንኳ፣ የምርሽን ይሁን።

የድሮ ጥንድሽ