የአሸዋው ባልዲ

ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ፤ ቆሞ መሄድ ምን ያህል መከራ እንደሆነ ግን በዚህ ዕድሜዬ ነው የተማርኩት።

ባለቤቴ ከወደቀች ወዲህ ግራ ጎኗ አልታዘዝ እንዳላት ታውቂያለሽ። ከአልጋ ወደ ወንበር ላነሳት ስታገል ልጃችን አየኝና ሁለታችሁም ልትሰበሩ ነው፣ እማዬ የአረጋውያን ማቆያ ትግባ አለ። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ይህን ሳይ ደሜ ፈላና፣ በሁለት ወር ውስጥ ብቻዬን ባላነሳት ውሰዳት አልኩት። ምላሴ ከጉልበቴ ቀድሞ ቢያረጅ ምን ነበረበት!

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ በእርጅናም ጡንቻ ይጠነክራል ብላ አበረታታችኝ። ሳልደገፍ ከወንበር መነሳትን፣ ግድግዳ መግፋትን አሳየችኝ። አሸዋ የሞላ ባልዲ ከመሬት ያነሱ ቀን በርትተዋል ማለት ነው አለችኝ። ባልዲውን አልጋው አጠገብ አኖርኩት። በቁምጣ ሆኜ ሳቃስት ባለቤቴ፣ ጎረምሳው ሌላ ሚስት ልታገባ ነው ወይ እያለች ታበሽቀኝ ነበር።

ጡንቻ ያለ ምግብ አይሆንም ስለተባልኩ፣ ባለቤቴ የራሷን እንቁላል ወደ ሳህኔ ታሳልፍ ጀመር። እኔ ተኝቼ ለምውል ምን ያደርግልኛል፣ ጉልበት የሚያስፈልገው አንተን ነው ትለኛለች። እኔም እበላዋለሁ። ቀጥሎ ሥጋውን፣ ኋላም ወተቱን።

ባልዲው ግን አሻፈረኝ አለ። እሷን ማንሳት ደግሞ ከሳምንት ወደ ሳምንት ቀለለኝ። ጉልበቱ ለእሷ ብቻ የተሰጠኝ መሰለኝ፤ ሰው ሲወድ እንዲህ ነው ብዬም ተኩራራሁ።

ትናንት ልጃችን መጣ። አቅፌ አነሳኋትና ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳት፤ ትንፋሼ እንኳ አልተቆራረጠም። አባዬ አንተማ በሬ ሆነሃል ብሎ አቀፈኝ፤ የማቆያው ነገርም ቀረ። እሷ ደስ ብሏት እንባዋን ስትጠርግ የጋብቻ ቀለበቷ ሾልኮ ምንጣፉ ላይ ወደቀ። ልጃችን እየሳቀ አነሳና አውራ ጣቷ ላይ አጠለቀላት። ልክ ሆነላት።

እሱን ሸኝቼ ስመለስ ባልዲውን ሞከርኩት። ንቅንቅ አላለም። እንቁላል ቀቅዬ አጠገቧ ተቀመጥኩና እንድትበላ ለመንኳት። ሞከረች፤ አልወርድ አላት። ዛሬ ጠዋት ሐኪም ቤት ወሰድኳት፤ ሐኪሙም አይቷት እኔን ብቻ ወደ ኮሪደሩ ጠራኝ። የነገረኝን ስትመጪ እነግርሻለሁ፤ ቶሎ ነይ።

እህቴ፣ ለወንድሜ ጉልበት ስጠው እያልሽ እንደምትጸልዪ አውቃለሁ። እባክሽ ከእንግዲህ ተዪው። አንቺን ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥሽ፤ ቤትሽ ሰው አይጉደልበት።

ስትገቢ ታዲያ እንዴት ከስተሻል እንዳትያት። እኔ ያላወቅኩ ነው የሚመስላት።

ወንድምሽ