ማሽኑ ያላወቀው ፊት

ልጄ ቢፑል፣ አምላካችን እናት ዱርጋ ከክፉ ሁሉ ትሰውርህ፤ እዚያ ዓረብ አገር የሙስካት ፀሐይ አይጉዳህ። እህትህ ማላቲ ሳሉ ለቋታል። ኩሬው ሞልቷል፤ ዳክዬዎቹ ግን እንቁላል መጣል ትተዋል።

ባለፈው ሳምንት መንግሥት የሚያድለውን የራሽን ሩዝ ከሱቁ ላመጣ ሄጄ ነበር። የጣቴ አሻራ በሥራ ብዛት ስለጠፋ ማንነታችንን ለሚያጣራው ማሽን ካሜራ ፊቴን አሳየሁ። ማሽኑ እንቢ አለ። ባለሱቁ ኒታይ ካሜራውን በሸሚዙ ጠረገና ወደ ብርሃን አዞረኝ፤ አሁንም እንቢ አለ።

"አክስቴ፣ እኔማ ዳዴ ከምልበት ጊዜ ጀምሮ አውቅሻለሁ፤ ይሄ ማሽን ግን ሌላ ሰው ናት ይላል" አለኝ።

ከሰልፉ አንዱ፣ "አክስቴ፣ የማንን ፊት ሰርቀሽ መጣሽ?" ብሎ አሳቀን።

ጎረቤታችን ኪሮዳ ብቻ አልሳቀችም። ዓይኗን ሞራ እንደጋረደው ታውቃለህ። ወደ ጥግ ወስዳኝ ጉንጬን ዳሰሰችው።

"ታሩ፣ አጥንትሽ ብቻ ነው የቀረው። ማሽኑ እኮ አልተሳሳተም። ከመቼ ጀምሮ ነው የታመምሽው?"

ሩዙን ማላቲ በራሷ አሻራ አመጣችው። እኔን ኪሮዳ በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሆዴ ውስጥ እብጠት አለ፤ ቆይቷል፣ በቀዶ ሕክምና ቢወጣም ብዙ ተስፋ የለውም አሉ።

አንተ በስልክ ስታየኝ "እማ፣ አምሮብሻል" ትለኛለህ። ስልኩ የፊትን ሽብሽብ እያጠፋ፣ መልክን እያፈካ እንደሚያሳይ ማላቲ ነግራኛለች። እሱን አትመነው።

ፎቅ ላይ ስትሠራ ገመድህን ማሰር አትርሳ። የሀብት አምላካችን ላክሽሚ ቤትህን ትሙላው፤ ከዕድሜዬ ቀንሳ ላንተ ትጨምርልህ። አሠሪዎችህ ፈቃድ ከሰጡህ፣ ሩዙ ሳይታጨድ ናና በገዛ ዓይንህ እየኝ።

እናትህ ታሩባላ