አንጀት ወይስ አንጎል

ለማትጠገቢው እህት ዓለሜ፦

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ያ የትከሻሽ ሕመም ተወሽ ወይስ ዛሬም ከአሠሪሽ እየደበቅሽው ነው? ብርዱስ ለመድሽው? እኛ ደኅና ነን። ለወጉ ያህል የምልሽ እንዳይመስልሽ፤ እየተሻለን ነው።

በቀደም የባዮሎጂ ፈተና ላይ «ውበት ሲያስደስተን የሚሠራው የትኛው የሰውነት ክፍል ነው?» የሚል ጥያቄ መጣ። እኔ ሆዬ «አንጀት» ብዬ ጻፍኩ! ያሳሳተኝ የአባባ አፍ ነው፤ ነፍሱን ይማረውና ያለሰለሰውን ጣውላ በዳሰሰ ቁጥር «አንጀት አርስ!» ይል አልነበር? አስተማሪያችን መልሴን ጮክ ብለው ሲያነቡት ክፍሉ በሳቅ አውካካ። አንዱማ ሒሳቡንስ በጉበትህ ነው ወይ የምትሠራው አለኝ። ስሜም «አንጀቴ» ሆኖ ቀረ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ አባባ ካረፈ በአራት ወሩ።

ከፈተናው በፊት ግን አንድ ነገር ሆድ ሆዴን ሲበላኝ ነበር። አባባ ጀምሮ የተወውን የእማዬን ጠረጴዛ እየላግኩ ሳለ የእንጨቱ መስመር ወለል ብሎ ወጣ። ሰውነቴን ወረረኝ፤ ደስ አለኝ። ወዲያው አፈርኩ። አባቱ ሞቶበት በጣውላ የሚፈነድቅ ምን ዓይነት ልጅ ነው? መላጊያውን አስቀምጬ ወጣሁ።

ይህንኑ ለአስተማሪያችን ነገርኳቸው። የሚጥም ምግብና የሚጥም ዜማ የሚያነቁት የአንጎል ክፍል ተቀራራቢ ነው አሉኝ። ለካ «ጣዕመ ዜማ» የምንለው ያለ ነገር አይደለም! ታዲያ ውበቱ ጣውላው ላይ ነው ወይስ ጭንቅላቴ ውስጥ ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳቅ ብለው፣ አንጎል የሚመረምረው መሣሪያ ደስ እንዳለህ ያሳያል እንጂ ደስ ሊልህ ይገባ እንደሆነ አይነግርህም፤ እሱን ጠረጴዛህን ጨርሰህ እየው አሉኝ።

ትናንት ጨረስኩት። እማዬ ገብታ መዳፏን ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳለፈችበት። ከዚያ «አንጀት አርስ!» አለች፤ ቁርጥ አባባን። ተያይተን አለቀስንም ሳቅንም፤ ሳቁ በለጠ።

አሁን አንቺን ላስቸግር። አባባ የሠራልሽን የጌጥ ሣጥን ዓይንሽን ጨፍነሽ ዳስሺው። እዚያ ማዶ ያንቺም አንጀት ከራሰ፣ ውበቱ እኔ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

እማዬ ትከሻሽን በሙቅ ውኃ ያዢው ብላ ትስምሻለች። ታናሻችን ጠረጴዛው ሥር ቤት ሠርታ ተከራይታለች፤ ከዚያው ሆና ትስምሻለች። እኔም ናፍቆቴ ወሰን የለውም።

ወንድምሽ አንጀቴ

ከአባባ መሥሪያ ክፍል፣ በአዲሱ ጠረጴዛ ላይ ተጻፈ
ቅዳሜ፣ ጥር ፱ ቀን