በአራተኛው መስኮት ላይ የተቀመጠችው

ይድረስ ለውድ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እህት ዓለም? ወገብሽስ እንዴት አደረገሽ? የባልሽ ሲሚንቶ የበላው እጁ ዳነለት ወይ? እማዬስ እህል ቀመሰች? ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ይኸኛው ነው። እኔ ደህና ነኝ ብዬ እንዳላልፍ ከዚህ በታች የምጽፍልሽ ነገር ያሳብቅብኛል።

መልእክትሽ ደርሶኛል። እማዬ ከጠዋት እስከ ማታ ስልክሽ ላይ አፍጥጣ እየዋለች አንድ ጉርሻ እንዳልቀመሰች፣ ያቺን ልጅ ከብሎጌ ላይ ዛሬውኑ እንዳጠፋት ጽፈሻል። ተቆጥተሻል፤ እውነትሽን ነው።

ታውቂ የለ፣ ቀን ሙሉ የሰው ድረ ገጽ ሳሳምር ነው የምውለው። ጥርስ ሐኪሙም ባለሱቁም ከግራጫና ከሰማያዊ ውጭ ቀለም ያለ አይመስላቸውም። የራሴ ብሎግ ግን ሕፃን የቀባው እንዲመስል ፈለግሁ። ቤታችንን ስዬ ብርቱካናማ አደረግሁት፣ ጣሪያውን ዘመም አድርጌ። መስኮቱን ሲነኩት ይከፈትና ከአንቺ፣ ከባልሽና ከእማዬ አንዳችሁ ብቅ ብላችሁ እጅ ታውለበልባላችሁ። የባልሽ ቦርጭ በመስኮቱ አልወጣ ብሎ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

የሥዕሎቹን እንቅስቃሴ የምሞክረው ሁልጊዜ በአንዲት ልጅ ነው። ከተማሪነቴ ጀምሮ በደብተሬ ጠርዝ ላይ የምስላት፣ አጭር ቀሚስ የለበሰች፣ ግራ እግሯ ጫማ የሌለው። ለምን እንደሌለው ራሴን ጠይቄ አላውቅም፤ እንዲሁ ናት። "ሙከራ" እላታለሁ። እሷ በደንብ ከዘለለች ሌሎቹን አስገባና እሷን አወጣታለሁ። ሦስቱን መስኮቶች እናንተ ስለያዛችሁ፣ ለእሷ በጓዳውና በእማዬ መኝታ ቤት መሃል አራተኛ ሳልኩላት፤ ዘላ የመስኮቱ ደፍ ላይ ትቀመጣለች። ከዚያ ማውጣቱን ረሳሁት። ለባለሱቁ ቢሆን አልረሳም ነበር፤ ለራስ ሲሆን ሰው ይዝረከረካል።

እማዬ ስታያት "ጫማዋን ማን ነገረው?" ብላ እንደጠየቀች ጽፈሽልኛል። ባልሽ ደግሞ ለቀልድ ብሎ ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ ሲያንኳኳ እዚያ ቦታ ላይ ድምፁ እንደተለየበት፣ ልስኑን ሲፍቀው በጡብ የተደፈነ መስኮት እንዳገኘ። ይህን ደጋግሜ አነበብኩት። እኔና አንቺ እዚያ ቤት ተወልደን ስናድግ መስኮቱ አልነበረም። ታዲያ እኔስ ከየት አመጣሁት?

እንዳልሽኝ አድርጌ ነበር። ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ልጅቷን አጠፋኋት፣ መስኮቷንም ደፈንኩት። ገጹን ከፍቼ መስኮቶቹን ስነካ ሦስታችሁም ብቅ አላችሁ፤ እጃችሁን የምታውለበልቡት ግን ፊታችሁን ወደ ደፈንኩት ግድግዳ አዙራችሁ ነው። እህት ዓለም፣ እኔ ከጎን የሚታይ ፊት ስዬላችሁ አላውቅም። ኮዱን መስመር በመስመር አየሁት፤ ምንም የለበትም። ዓይኔ ይሆናል ብዬ ባልደረባዬን ጠራሁት። ሣቅ ብሎ "ሲያምር! ማንን ነው የሚሸኙት?" አለኝ። ፈራሁ፤ ምን ብዬ እደብቅሻለሁ። መለስኳት። ያን ጊዜ ፊታችሁን ወደ እኔ አዞራችሁ።

ስለዚህ አላጠፋትም፣ ከፈለግሽ ተቆጪኝ። ለጫማዋም ለተደፈነው መስኮትም ሌላ ትርጉም አላገኘሁም፤ እማዬ ከእኛ በፊት የሞተችባት ልጅ ነበረች። አንቺም ገብቶሻል፤ አፍ አውጥተሽ ለማለት ፈርተሽ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ብቻዋን ይዛው ኖረች፤ አሁን ደግሞ እኔ ሳላውቅ ቁስሏን ነካካሁባት። አጠገቧ ቁጭ በይና ቀስ ብለሽ ጠይቂያት። በእያንዳንዳችሁ መስኮት ሥር መጠሪያችሁ ተጽፏል፤ በልጅቷ ሥር ያለው ግን "ሙከራ" የሚል ነው። እማዬ ይህንን ስታነብ ነው የሰነበተችው። ስሟን ላኪልኝ፣ በእግዜር።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ለእኔ ብላ ትብላ። ባልሽን ሰላም በዪው፤ እማዬ ክፈተው ሳትለው ጡቡን እንዳይነካ አደራ። አንቺም ወገብሽን አሳርፊ። ደፉ ላይ ለተቀመጠችው ለታላቃችንም ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ በስሟ ጠርተሽ።

ታናሽ ወንድምሽ

ከተከራየኋት ክፍል፣ መስኮቱ አጠገብ
ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን