የዓሣው ሁለት ገጽ

ሳንደርቪክ፣ ኖርዌይ
እሑድ፣ ሜይ 3 ቀን 2015

ለምወድሽ ልጄ ለሲግኔ፣

እንዴት ከረምሽ ሆዴ? ዌሊንግተን አሁን ብርዱ ሊገባ ነው አሉ፤ እዚህ ደግሞ በረዶው ለቆ ዓለቱ መሞቅ ጀምሯል። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። ለአባትሽ ቀብር የላክሽው ነጭ አበባ በሰዓቱ ደርሷል፤ ቄሷም ስምሽን ጮክ ብላ አንብባዋለች። ለምን አልመጣሽም ብዬ አልጠይቅሽም። ለምን እንዳልመጣሽ ካንቺ ይበልጥ የማውቀው እኔ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ፤ ዛሬ ግን ሳልጨርሰው ከወንበሩ አልነሳም።

የዛሬ ሰባት ዓመት የሆነውን አንድ በአንድ ላውራሽ። ታውቂዋለሽ፤ ግን የምታውቂው ግማሹን ነው።

አባትሽ ዳሌውን ሊታከም ከተማ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። አንቺ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጥተሽ የዓሣ ማድረቂያው ቤት ትሠሪ ነበር፤ እኔም እዚያው ዓሣ አሽግ ነበር። በዚያው ሰሞን አዲሱ የማድረቂያ ማሽን መጣ። ሰሌዳው ላይ ከዓሣው ውሃው በምን ፍጥነት እንዲወጣ እንደምንፈልግ ቁጥር ይጠይቃል። ቁጥሩ በአባትሽ ደብተር ውስጥ ነበር፤ ማድረቂያው ቤት በሠራበት ሠላሳ ዓመት ዓሣ ጠዋትና ማታ እየመዘነ ያገኘው፦ በሰዓት፣ ከአንድ ካሬ ሜትር፣ አንድ መቶ ሰማንያ ግራም። ማሽኑ ግን ሰዓትና ግራም አያውቅም፤ የሚያውቀው ሰከንድና ሚሊግራም ነው።

ድንች እየላጥኩ ሳለሁ፣ ደብተሩን ይዘሽ ወጥ ቤት ገባሽ።

«እማ፣ ነይ ላስተምርሽ።»

«እኔን? እኔና ሒሳብ ሰባተኛ ክፍል ላይ ተጣልተን እስከ ዛሬ አልታረቅንም።»

«ሦስት ነገር ብቻ ነው። ስንት ክብደት ወጣ፣ ከምን ያህል ስፋት ወጣ፣ በስንት ጊዜ ወጣ። ክብደቱን ወደ ሚሊግራም ቀይሪው።»

«በሺህ ላባዛው?»

«ጎበዝ! አሁን ለሰከንድ አካፍይው። ሰዓቱ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ሰከንድ አለው።»

በድንች እጄ እርሳስ ይዤ አካፈልኩ። ሃምሳ ወጣ። በአንድ ሰከንድ፣ ከአንድ ካሬ ሜትር፣ ሃምሳ ሚሊግራም። እንደ ልጅ ደስ አለኝ። «ፕሮፌሰር ጉንቮር!» ብለሽ ሳቅሽብኝ። አንቺ ደግሞ እንደገና ሠራሽው፤ ያው ሃምሳ ነው። ሒሳቡ አልተሳሳተም፤ ይህን ልብ በይልኝ።

ከዚያ ግን እርሳሱን አፍሽ ውስጥ ከትተሽ ቆየሽ። «ካሬ ሜትሩ ግን የቱ ነው?» አልሽ። «ማሽኑ የዓሣውን ሁለቱንም ገጽ፣ የሥጋውንም የቆዳውንም ነው የሚቆጥረው። አባባ ሲጽፍ ሁለቱንም ቆጥሮ ነው ወይስ የሥጋውን ብቻ? ልደውልለት?»

«ሰውየው ገና ከማደንዘዣው መርፌ አልነቃም፣ ተዪው!» አልኩሽ። «እኔ ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ዓሣ ሳገላብጥ የኖርኩ ሰው አይደለሁ? ዓሣ በሁለቱም በኩል ነው የሚደርቀው። ሁለቱንም ቆጥሮ ነው።» አንቺም አምነሽኝ ማሽኑ ላይ ሃምሳ ብለሽ ሞላሽ።

አየሽ፣ እኔ የማውቀው ዓለቱን ነው። ከእናቴ ጋር ዓሣውን ዓለት ላይ እናሰጣ ነበር፤ ጠዋት በሥጋው፣ ከሰዓት በቆዳው፣ ዝናብ ሲመጣ እየሮጥን እናነሳለን። ማድረቂያው ቤት ግን ዓሣው መደርደሪያው ላይ በቆዳው ተኝቶ ነው የሚደርቀው፤ ማንም አያገላብጠውም፤ ከቆዳው በኩልም ውሃ ይወጣል ማለት ዘበት ነው። አባትሽ የቆጠረው የሥጋውን ገጽ ብቻ ነበር። ማሽኑ ሁለት ገጽ ብሎ ውሃውን እጥፍ አድርጎ ሲያወጣ፣ ሁሉም የወጣው ከአንዱ ገጽ ነው። መሙላት የነበረብን ሃያ አምስት ነበር።

ቀጥሎ የሆነውን አይተሻል። ውሃው ቶሎ ሲወጣ ላዩ እንደ ሳንቃ ይደርቅና ይዘጋል፤ የውስጡ መውጫ ያጣል። እኛ ላዩን እያየን «እንዴት ያምራል!» ስንል ከረምን። አባትሽ በክራንች መጥቶ አንዱን ዓሣ በአውራ ጣቱ ጫን ሲያደርገው ፊቱ ተለወጠ። ቢላ አስመጣና ሰነጠቀው። ሽታው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። አሥራ ስምንት ቶን ዓሣ ተጣለ።

የማድረቂያው ቤት ባለቤት ኦድቫር ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ «ቁጥሩን የሰጠው ማነው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለ አባትሽ።

«አንተ እኮ ሆስፒታል ነበርክ።»

«ቁጥሩ የኔ ነው፤ ደብተሩ የኔ ነው። ሌላ የምትጠይቀው አለ?»

አንቺ «አባባ፣ እኔ ነኝ እኮ...» ስትይ «አፍሽን ዝጊ!» ብሎ በሰው ፊት ጮኸብሽ። በሕይወቱ አንድ ቀን ነው የጮኸብሽ። እሱ ሊያድንሽ ነው፤ አንቺ ግን የናቀሽ መሰለሽ። በሳምንቱ ሥራውን ለቀቀ፤ በወሩ አንቺ ሄድሽ።

እኔስ? ማሽኑን የሠራው ድርጅት ባለሙያ መጥቶ «የሁለት ገጽ ካሬ ሜትር እኮ ነው» ብሎ ሲያስረዳ፣ ሽርጤን እንደታጠቅኩ በሩ ጋ ቆሜ ሰማሁት። ያኔውኑ ገባኝ። አንቺ የእኔ ቃል መሆኑን አንድም ቀን አላነሳሽም። እኔም ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ሰባት ዓመት ሞላኝ። የገና ካርድሽ በመጣ ቁጥር «አባባ ሰላም ነው?» የምትለዋን መስመር አነብለታለሁ፤ እሱ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል፤ እኔ ድስት ፍለጋ እነሳለሁ።

በፌብሩዋሪ፣ ሊሞት አራት ቀን ሲቀረው፣ እጄን ያዘና መዳፌን ወደ ላይ አደረገው። ቆይቶ ወደ ታች ገለበጠው። እንደገና ወደ ላይ።

«ምን ታደርጋለህ አንተ ሰውዬ?» አልኩት።

«አንቺ እስከ ዛሬ ዓለት ላይ ነሽ ጉንቮር» አለኝ። «ሁለት ገጽ ያልሽው አንቺ ነሽ።»

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«ሲግኔ ሳትጠይቅ ቁጥር አትሞላም። እኔን አልጠየቀችም። ታዲያ ቤት ውስጥ ማን ቀረ?» ሊስቅ ሞከረና ሳሉ ያዘው። ሳሉ ሲለቀው «እኔ ስትናገሪ እጠብቅ ነበር፤ አንቺ እኔ እስክረሳ ትጠብቂ ነበር። በመሃል ልጅቷ ሄደችብን። ንገሪያት» አለኝ።

እነግራታለሁ አልኩት። ስልክ ልደውል ሁለት ጊዜ አንስቼ አስቀመጥኩ። እሱም ሄደ።

ስለዚህ ልጄ፣ ጥፋተኛዋ አንቺ አልነበርሽም። አባትሽም አልነበረም። ይቅር በይኝ ለማለት እንኳ አፈርኩ፤ ሰባት ዓመት የሚያህል ነገር በአንድ ወረቀት አይመለስም። ተቆጪኝ። ደውለሽ ስደቢኝ፤ ብቻ ድምፅሽን ልስማው። እሱ አንድም ቀን አልተቀየመሽም። የተማሪ ቤት ፎቶሽ እስከ መጨረሻው ቀን በደብተሩ ውስጥ፣ ያ ቁጥር ባለበት ገጽ ላይ ነበር። አሁንም አላነሳሁትም።

ጤና፣ ሰላም፣ የሚያይሽ ሰው አያሳጣሽ። እግዜር በዚያ በሩቁ ባሕር ማዶ ነፋሱን ያለዝብልሽ።

እናትሽ ጉንቮር

ይህን ረሳሁት፦ እሱ በጃንዋሪ በገዛ እጁ ሰንጥቆ ጨው ያስገባው አንድ ዓሣ አለ። ከቤቱ ጀርባ ዓለቱ ላይ አስጥቼዋለሁ፤ ዛሬ ጠዋት በቆዳው በኩል ገለበጥኩት። አልቸኩልም፣ ቀስ ብሎ ይድረቅ። እኔ አልቆርጠውም። ስትመጪ መጀመሪያ በአውራ ጣትሽ ጫን አድርጊው።