ያልተቆላው ጉሎ

ለምናፍቅህ፣ ስምህን ሳልጠራ ውዬ ለማላውቅ ለአያ ደሴ፤

ከተለያየን ሦስት ክረምት አለፈ። አራተኛው ደግሞ ጉሙን ተከናንቦ ከማዶ እየመጣ ነው። ባል የሞተባት ሴት «ደስ ብሎኛል» ብላ ብትጽፍ ሰው ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ ለአንተ ግን ምን ይደበቃል፣ ደስ ብሎኛል። ፈርቻለሁም። ደስታዬም ፍርሃቴም ከአንድ ቦታ የመጡ ናቸው። ልጅህ ማንጠግቦሽ ዶክተር ሆና ወደ አገሯ ተመለሰች! መርፌ የምትወጋ ዶክተር እንዳይመስልህ። ሞለኪውላር ባዮሎጂ ይሉታል፤ በዐይን የማይታየውን የሰውነት ሥራ የሚመረምር ትምህርት ነው። እዚሁ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ታስተምራለች፣ ትንሽ ላቦራቶሪም ሰጥተዋታል።

ቤቱ ደህና ነው። ወርክሾፕህን፣ ለአልጋና ለወንበር ጠፍር ትወጥርበት የነበረውን ክፍል፣ አጽድቼ ለሁለት ተማሪዎች አከራየሁት፤ ማራኪ ሰፈራችን መቼም ዩኒቨርሲቲው ጎን ስለሆነ ያለ ተከራይ አያድርም። ሸጋ ልጆች ናቸው፣ መብራት ማጥፋት ግን አልፈጠረባቸውም። የሠራኸውን የጠፍር አልጋ ካልሸጥሽልን ብለው ለመኑኝ። እንኳን ልሸጠው፣ የሚቀመጥበትንም ሰው መርጬ ነው የማስቀምጥ።

ይኸው ወሬ አበዛሁ፤ ዱሮም «አንቺ ካልተቋረጥሽ አታቆሚም» ትለኝ ነበር። ወደ ጉዳዬ ልግባ። ልጅህ የምታጠናውን ብነግርህ ከተኛህበት ትነሣለህ። ጉሎ ነው። የጉሎ ፍሬ ውስጥ ያለውን መርዝ!

ያን ቀን ታስታውሳለህ አይደል? ለጠፍሩ ማለስለሻ ጉሎ ለቅመህ በረንዳው ላይ አስጥተህ፣ ማንጠግቦሽ ገና ድክ ድክ ስትል ነብርማ መልኩ ማርኳት አንዷን ፍሬ ዋጠች። ያንድ እግርህን ጫማ ብቻ አድርገህ፣ ልጂቱን ትከሻህ ላይ ጭነህ፣ ጤና ጣቢያ ድረስ ሮጥህ። ነርሷ «ካላኘከችው እንዳለ ይወጣል፤ ጠብቁ» አለችን። አንተ ታዲያ ፖፖዋን ይዘህ እየተከተልሃት፣ ፍሬዋ ወጥታ እስክታያት ድረስ እህል አልቀመስህም። በማግስቱ ግቢው ውስጥ አንድ የጉሎ እግር አልቀረም። ጠፍርህንም ከዚያ ወዲያ በሞራ ነው ያለሰለስኸው።

አሁን ማንጠግቦሽ በገዛ እጇ ወደዚያው መርዝ ሄደች። ምክንያቷንም ነገረችኝ። ባሕር ማዶ ስትማር የተከራየችበት ቤት ውስጥ አንዲት ትንሽ ልጅ ነበረች። እናቷ ግንባሯን ስትስማት ጨው ጨው ይላታል። ሳንባዋ ውስጥ እንደ ሙጫ የወፈረ አክታ እየተጋገረ ትንፋሽ ያሳጣታል፤ ጧትና ማታ ጀርባዋን መታ መታ እያደረጉ ያስሏታል። በሽታው ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ይባላል፣ ከእናትና ከአባት የሚወረስ ነው። እናቷ ሥራ በምትገባበት ቀን ጀርባዋን የምትመታላት ማንጠግቦሽ ነበረች። «የፈረንጅ በሽታ አይደል፣ ለእኛ ምናችን ነው?» ብላት፣ «እዚህ ማን ፈልጎት ነው የለም የተባለው?» አለችኝ።

ጉሎና የዚያች ልጅ ሳንባ ምን እንደሚያገናኛቸው ያስረዳችኝ በአንተ ሥራ ነው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ የቆምሁ ሴት፣ ሌላው አይገባኝማ። ሰውነታችን ውስጥ ሴል የሚባል እንደ አንተ ወርክሾፕ ያለ ነገር አለ። ወንበር ይሠራል እንበል። ተቆጣጣሪም አለው፤ ትንሽ የተወላገደውን ሁሉ በጓሮ በር አስወጥቶ ያስቆራርጠዋል። በዚያ በሽታ የተያዙት ልጆች ወንበር ብዙውን ጊዜ መወላገዱ እውነት ነው፣ ግን ቢተውት ሰው ያስቀምጥ ነበር። ተቆጣጣሪው ጨክኖ ይጥለዋል፣ ልጆቹም በዚያ ይታመማሉ። የጉሎው መርዝ ደግሞ ተንኮለኛ ነው። የተጣለ መስሎ በዚያው በጓሮ በር ይወጣና፣ ከመቆራረጥ አምልጦ ወርክሾፑን ያወድማል። ማንጠግቦሽ መርዙን እግር በእግር ተከትላ የዚያን በር አከፋፈት ማወቅ ትፈልጋለች። በሩ ከታወቀ አንድ ቀን ወንበሩን ሳይጣል ማትረፍ ይቻል ይሆናል። ይሆናል ነው የምትለው፤ ይሆናል ትወዳለች።

ከሰሞኑ «እማ፣ ከእንፍራንዝ፣ ከአክስቴ ቤት፣ የጉሎ ፍሬ አምጭልኝ፣ የአገሩን ጉሎ ላየው ነው» አለችኝ። አባትሽ ያጠፋውን ዘር እኔ ላምጣልሽ? ልል ነበር፤ ዋጥሁትና ሄድሁ። እህትህ እታለም እንደምታውቃት ናት። አጥሩ ሥር ስለቅም ወገቧን ይዛ ቆማ «ምነው አንች፣ ስንት የሚበላ ዘር ሞልቶ ልጅሽ መርዝ ልትማር ነው ፈረንጅ አገር የሄደችው? እንኳን ወንድሜ ይህን አላየ!» ትለኛለች። እንዲያ እያለች ከእኔ የበለጠ የለቀመችው እሷው ናት።

ቤት ገብቼ ፍሬውን ሳፈሰው ያ ነብርማ መልኩ ያው ነው። ከዚያ ምን አደረግሁ መሰለህ? ቆላሁት! በዚህ ቤት ጉሎ ሳይቆላ ለሥራ ቀርቦ አያውቅም፤ አንተ ራስህ ዱሮ ቆልተህ ወቅጠህ አልነበር ጠፍሩን የምትቀባው? ለልጅስ ጥሬ ነገር ተቋጥሮ ይሰጣል? ደግሞ እውነቱን ልንገርህ፣ እሳት መርዙን እንደሚያበላሸው ከራሷ አፍ ሰምቻለሁ። ሳማስለው ልቤ ያንን አላሰበም ብዬ አልዋሽህም።

ማንጠግቦሽ ቋጠሮውን ፈታች፣ አሸተተች፣ ዐይኗን ጨፈነች። «እማ፣ ለጠፍር ነው እንዴ ያዘጋጀሽልኝ?» ብላ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች። የተቆላ ጉሎ ለእሷ የሞተ ነገር ነው። «እኔ የምፈልገው እኮ አንቺ የምትፈሪውን ነው» አለችኝ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ የማስበው ሁሉ ክፉ ሆነ። ጓንቷ ቢቀደድስ? ረስታ ዐይኗን ብታሽስ? ሲደክማት ሳትታጠብ ጉርሻ ብታነሣስ? «እኔ ሂጄ ልለቅመው» ስትል ግን፣ ያለ እኔ ከምትሄድ ብዬ ተመልሼ እንፍራንዝ ወረድሁ። እታለም ስታየኝ «የመጀመሪያውን በላችሁት እንዴ?» አለች። ቀልዱ አላሳቀኝም።

ይህኛውን እሳት አላሳየሁትም። ለሰው አደራ መስጠትም አልሆነልኝም፤ ራሴ ይዤ እስከ ላቦራቶሪው በር ሄድሁና ጥሬውን፣ እንደተለቀመ፣ በእጇ ላይ አኖርሁት። ለገዛ ልጄ መርዝ የሰጠሁ እናት ሆንሁ፣ አያ ደሴ። በበሩ መስተዋት አሻግሬ አየኋት። ፀጉሯን ጠቅልላ፣ መነጽር አድርጋ፣ ጓንት በጓንት ደርባ፣ ፍሬውን አንድ ባንድ እያነሣች ታያለች። ከንፈሯን ነክሳ ትንፋሿን ስትውጥ ቁርጥ አንተን መሰለች። ቀና ስትል አየችኝና በክርኗ «ሂጂ ወደ ቤት» አለችኝ። አልሄድሁም። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ፤ እዚያ ተቀምጬ በሩን ስጠብቅ ዋልሁ። ስትወጣ እጆቿን አገላብጬ አየሁ፣ ጥፍሯን ሳይቀር። እሷ እንደ ሕፃን «ምሳ አላመጣሽልኝም?» ትላለች!

ነገም ትገባለች፣ ከነገ ወዲያም። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፣ የሚለቀኝም አይመስለኝም። አንተ ብትኖር አብረን እንፈራ ነበር፤ ለብቻ መፍራት ከበደኝ፣ ለዚህም ነው የጻፍሁልህ። ስምህ ግን ከአፌ አይጠፋም። በዝክርህም፣ ደጀ ሰላም ቆሜም እጠራሃለሁ። እስከ ዛሬ ከስምህ አስከትዬ «አምላኬ፣ ይህን ሥራ አስተዋት» እያልሁ ነበር የምጸልይ። ከእንግዲህ እንዲያ አልልም። «እጇን አጽናላት» እላለሁ። አንተም ከዚያ ሆነህ አሜን በልልኝ።

ባለቤትህ