«ይታሸግ» ያልኩት እኔ ነኝ

እህት ዓለሜ፣

ቤትሽን ያሳሸግኩት እኔ ነኝ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ብቻዬን ስሆን እንኳ ድምፅ አውጥቼ ብዬው አላውቅም። ሰላምታ መቅደም እንደነበረበት አልጠፋኝም። ነገር ግን ሰላምታውን ካስቀደምኩ፣ እስከ ዛሬ እንደጻፍኳቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ጤናሽን ጠይቄ፣ ስለ ዝናቡና ስለሚያፈሰው ጣሪያ አውርቼ፣ ወረቀቱ አለቀ ብዬ እንደምዘጋው አውቃለሁ። ስለዚህ ጭራውን ወደ ፊት አመጣሁት።

አሁን ልጠይቅሽ። እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ፣ ደረጃ ስወጣ ይይዘኛል ያልሽው ተሻለሽ ወይ? የምታስታምሚያቸው አሮጊት ሌሊት ያስተኙሻል? እህል ይወርድልሻል? በሰው አገር ሆድ ሲብስሽ አይዞሽ የሚልሽ ሰው አለ? እኔ ከጉንፋን በቀር ደህና ነኝ። አንቺ በሰው ቤት ጉልበትሽን እየጨረስሽ እኔ በእናታችን ቤት ደህና ነኝ ብዬ መጻፌ ሁልጊዜ ያሳፍረኝ ነበር፤ ለምን እንደሚያሳፍረኝ ግን አልነገርኩሽም።

ልጅሽ ደህና ናት። ክሊኒኩ ወደ ላቦራቶሪው አዛውሯታል፤ ደም ትመረምራለች። ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን በር ላይ ጥላ «እትዬ፣ ራበኝ» ስትል ቁርጥ አንቺን ነው የምትመስለው። ሰሞኑን ግን ቤቱ ጭር ብሏል። መልእክትሽ ከደረሳት ወዲህ እህል አልቀመሰችም ብዬ አልዋሽሽም፤ ትበላለች፤ ግን እጇ ብቻ ነው የሚመላለሰው፣ እሷ ሌላ ቦታ ናት። የጠቋሚ ልጅ ካገባሽ እናት የለኝም በዪ ብለሻታል አሉ። ልጁን አታውቂውምና ልትጠዪው አትችዪም። የጠላሽው አባቱን ነው። አባቱን ደግሞ የጠላሽው በእኔ ኃጢአት ነው። ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ።

ባለቤቴ ሲሞት መጠጥ ቤቱም አብሮት ሞተ። ፈቃዱ በመስታወት ተደርጎ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ይኖር ስለነበር፣ እንደ ጠረጴዛውና እንደ ወንበሩ የቤት ዕቃ መስሎኝ ነበር። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ግን ፈቃድ ለሰው እንጂ ለቤት አይሰጥም፣ አይወረስምም አሉኝ። እንደ አዲስ ሳመለክት ሜትር ይዘው መጡ። በባለቤቴ ዘመን ያልነበረ ደንብ ወጥቶ ኖሯል። ከትምህርት ቤቱ በር እስከ እኛ በር ለኩና ቅርብ ነው፣ እዚህ ሰው አስቀምጦ ማስጠጣት አይቻልም አሉ። የፈቀዱልኝ የታሸገ መጠጥ በመስኮት መሸጥ ብቻ ነው። ገዢው ይዞ ይሄዳል፤ ብርጭቆ አይቀርብም፤ ለልጅ አይሸጥም፤ ሲመሽ መስኮቱ ይዘጋል።

ማንበብ የተማርኩት ከጠርሙስ ላይ መሆኑን አንቺ ታውቂያለሽ፤ ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ጠርሙስ ሳጥብ ጽሑፉን በጣቴ እየተከተልኩ ነው። «የታሸገ» የሚለውን ቃል ከሁሉ አስቀድሜ የለየሁትም ያኔ ነው። ደስ ይለኝ ነበር። ክዳኑ ያልተነካ፣ ማንም ያላጎደለበት ማለት ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሥጋ ሻጭ በር ላይ ግን ይኸው ቃል በቀይ ተጽፎ ተለጥፎ አየሁት፤ ሰውየው ደጁ ላይ ተቀምጦ ያለቅስ ነበር። መጠጡን የሚያስከብረው ቃል ቤቱን ሲሆን ይዘጋዋል። ይህን ልዩነት አውቄዋለሁ፤ ዘግይቼ ሳይሆን ያኔውኑ።

አንቺ የልጅሽ አባት ጥሎሽ ከሄደ ወዲህ ከኋላ ባለችው ክፍል ነበርሽ። መጀመሪያ ተስማምተን ነበር። እኔ በመስኮት እሸጣለሁ፤ ሰዉ ጠርሙሱን ይዞ በጓሮ ዞሮ አንቺ ዘንድ ይቀመጣል፤ አንቺም ለወንበሩና ለብርጭቆው ታስከፍያለሽ። ያ ጠበቃ የምንለው፣ ፍርድ ቤት የገባው ተከሶ ብቻ የሆነው ሰካራም ምን እንደሚል ትዝ ይልሻል? ፈቃዱ ከታላቂቱ፣ ወንበሩ ከታናሺቱ፤ እዚህ ሰፈር ሕግ ቆሞ ይገዛል፣ ተቀምጦ ይጠጣል ይል ነበር። እኔም እስቅ ነበር።

ኋላ ግን የራስሽን አረቄ ማውጣት ጀመርሽ። ርካሽ ነበር፤ ደግሞም ጥሩ ነበር። የእኔ መስኮት ጭር አለ። ሰዎቹ በደጄ ሲያልፉ ቆብ አንሥተው ጤናዬን ይጠይቁኛል፣ እግዜር ያጥናሽ ይሉኛል፣ ከዚያ ዞረው ይገባሉ። ሳቃችሁ በግድግዳው ያልፋል። አንድ ቀን ደፍሬ ከእኔ ጠርሙስ ብቻ እንድትሸጪ ለመንኩሽ። «እትዬ፣ ሰው የሚጠጣው ጨዋታዬን ነው እንጂ ጠርሙሱን አይደለም» አልሽኝና ጉንጬን ስመሽኝ ሄድሽ። ክፋት አልነበረበትም። እውነት ስለነበረ ግን ተሰክቶብኝ ቀረ። እኔ ከልጅነቴ ዝምተኛ ነኝ፤ አንቺ ገና ስትገቢ ቤት ይሞቃል። ባለቤቴ እንኳ ከልቡ ሲስቅ የማየው አንቺ በመጣሽ ቀን ነበር። ገበያዬን ወሰድሽ ብዬ ብቻ ብቀና ኖሮ፣ ምናልባት ዛሬ ለመናገር ይቀለኝ ነበር።

ተቆጣጣሪው የመጣው ፈቃዴን ሊያድስ ነው። ቁጡ ሰው አልነበረም። ጠርሙሶቹን አገላበጠ፣ ክዳናቸውን ነካካ፣ ወንበር አለመዘርጋቴን አየ። ከኮቱ ቁልፎች አንዷ በክር ተንጠልጥላ ነበር፤ ዓይኔ እሷ ላይ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ ሳቅ ሰማና ማን ነው አለኝ። እህቴ ናት አልኩ። የሚጠጡት ከአንቺ የገዙትን ነው ወይ አለ። አዎ ብለው ጥፋቱ የእኔም ይሆናል፤ ፈቃዴን እነጠቃለሁ ብዬ ፈራሁ። አላውቅም ማለትም ይቻል ነበር። ብዙ ሰው የሚድነው አላውቅም በማለት ነው። እኔ ግን፣

«የእኔ የታሸገ ነው። የእሷ አይደለም፤ የእሷም ቢታሸግ ጥሩ ነበር» አልኩት።

ይታሸጋላ አለና ፈገግ አለ።

እህት ዓለሜ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ራሴን ስደልል የኖርኩት በዚህች ቃል ነው። እኔ መጠጡ ይታሸግ አልኩ፤ እሱ ቤቱ ይታሸግ ብሎ ሰማ፤ የሰሚ ጥፋት ነው እያልኩ ተኝቼ አድሬያለሁ። ፊደል በራሷ የቆጠረች ሴት ቃል ቢያምታታት ምን ይገርማል እያልኩም ለራሴ አዝኜ አውቃለሁ። ነገር ግን ተቆጣጣሪው ያን ሰምቶ ብቻ አልሄደም። ደንቡ፣ ያለ ፈቃድ የሚሸጥ ሰው አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ይሰጠው፣ እምቢ ካለ ቤቱ ይታሸግ ይላል። ስለዚህ እንደ መውጣት ሲል መለስ አለና፣ ለመሆኑ ክልክል መሆኑን ነግሯት የሚያውቅ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ማንም አልነገረሽም። የእኔ ፈቃድ ለሁለታችንም የሚበቃ ይመስልሽ ነበር፤ እኔም አለመብቃቱን እያወቅኩ እንዲመስልሽ ትቼሽ ነበር።

«ተነግሯታል፤ እምቢ ብላ ነው» አልኩት።

እዚህ ውስጥ ሁለት ትርጉም ያለው ቃል የለም።

ከእኔ ዘንድ ወጥቶ በቀጥታ የገባው የልጁ አባት፣ የልብስ ሰፊው ሱቅ ነው፤ የተንጠለጠለችውን ቁልፍ ሊያስተክል። አላፊ አግዳሚው ሁሉ አየው። በማግስቱ በርሽ ላይ ቀዩ ጽሑፍ ተለጠፈ፤ ማሰሮውንም በርሜሉንም ጭነው ወሰዱ። ሰፊው ደግሞ ቀደም ሲል ስለ ጩኸቱና ደጁ ላይ ስለሚሸኑት ጠጪዎች ካንቺ ጋር ተነታርኮ ነበርና ሌላ ሰው የጠረጠረ የለም። ሱቁ በር ላይ ቆመሽ መርፌ የሚወጋው ጨርቅ ብቻ ይመስለኝ ነበር ስትዪው፣ ጎንሽ ቆሜ ትከሻሽን ይዤ ያባበልኩሽ እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሙ መርፌው ሆኖ ቀረ። ጠበቃው እንኳ ሱሪውን ሌላ ሰፈር ድረስ ወስዶ ማሰፋት ጀመረ። ስትሄጂ ልጅሽ ገና ጥርሷን ታወልቅ ነበር። ሻንጣሽን ተሸክሜ መኪናው ድረስ ሸኘሁሽ። እጇን እጄ ላይ አድርገሽ ካንቺ ሌላ ማን አለኝ ስትዪኝ አቀረቀርኩ። ለቅሶ መሰለሽ። ለቅሶ አልነበረም፤ ዓይንሽን ማየት አቅቶኝ ነው።

እስከዚህ ያለውን እንኳ ይዤው ልሞት አስቤ ነበር። ባለፈው እሑድ ግን ልብስ ሰፊው እኛ ቤት መጣ፤ ልጁን ሳያስከትል፣ ብቻውን። ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ስለ ልጆቹ ጉዳይ ሊማልደኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ እየጠረገ እንዲህ አለኝ፦

«እህቴ፣ ያን ቀን ቁልፉን ስተክልለት ስለ ጩኸቱ ተማርሬ ነበር። መጠቆሜ አልነበረም፤ ግን ከእኔ አፍ ወጥቶ ይሆናል እያልኩ ይኸው አረጀሁ። እሷ ሩቅ ናት፤ በእሷ ፈንታ አንቺ ይቅር በይኝ።»

እኔስ ምን አልኩ መሰለሽ? ይቅር ለእግዜር አልኩት። አልኩት እኮ! ውኃ ቀድቼ ሰጠሁት፤ እጄን በሁለት እጁ ይዞ አመሰገነኝ፤ እስከ በሩም ሸኘሁት። ያን ጊዜ ቅናት ነበረብኝ፣ ፍርሃት ነበረብኝ፣ የባሌም ሐዘን ገና አልወጣልኝም ነበር። አሁን ግን ማን አስገደደኝ? ሌባዋ እኔ ሆኜ ሳለሁ ንጹሑን ሰው ማርኩት። ከጠቆምኩበት ቀን ይልቅ በዚህ አፍራለሁ።

በማግስቱ ልነግረው ብዬ ሄድኩ። ባዶ እጄን መግባት ከብዶኝ ጠርዙ ያልተፈታ ቀሚስ ይዤ ነው የሄድኩት። አገላብጦ አየና ምኑ ነው የተበላሸው አለኝ። ጠርዙን አሳየሁት። እንዳላፍር አስቦ ደህናውን ጠርዝ ፈታውና እንደገና ሰፋልኝ፤ እጅሽ ደክሟል መሰለኝ፣ ስፌቱ ሊለቅ ነበር አለኝ፤ እጄን አይቶ ሳይሆን ልቤን አይቶ ነው። አጣጥፎ ሰጠኝ፤ ይዤ ተመለስኩ። አፌ እምቢ ሲለኝ ነው ወደ ብዕር የዞርኩት።

እንግዲህ እህቴ፣ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ልጅሽን መርቂያት። ልጁ መብራት ዘርጊ ነው፤ እንደ አባቱ ቁጥብ ነው፤ እሷ ስታወራ እሱ ይስቃል፣ እሷም ገና ስትገባ ቤት የሚሞቅላት ናት። እንዲህ ያለ ቤት ምን ያህል ደስ እንደሚል አንድ ጊዜ በግድግዳ ማዶ ሆኜ ሰምቼዋለሁ፤ ዳግመኛ ላፈርሰው አልችልም። ይቅርታሽን አልጠየቅኩሽም። ኩራት አይደለም። የእኔንና የልጅሽን ነገር በአንድ ላይ አስረሽ፣ በእኔ ተናደሽ እሷን እንዳትቀጪ ፈርቼ ነው። በእኔ የፈለግሽውን ፍረጂ፤ መልስ ብትነሺኝም ልክ ነሽ። ለእሷ ግን ዝም አትበያት።

ዘንድሮ ፈቃዱን አላሳደስኩም። ካሣ ነው ብለሽ እንዳትወስጂልኝ፤ ዓይኔ ደክሞ ነው፤ ትልቁን ጠርሙስ ከትንሹ ለመለየት መቸገር ጀምሬ ነበር። መስኮቱን ዘግቼ ልብስ ማስጫ ገመድ ወጥሬበታለሁ።

ልጅሽ ይህን ገና አታውቅም። ዛሬ ስትመለስ ራቷን በልታ ሳትጨርስ እነግራታለሁ። አንድ ጣሪያ ሥር ላለ ሰው ደብዳቤ መጻፍ ሽሽት ነው። ስለዚህ የእሷን ሰላምታ አልላክሁልሽም፤ ከሰማች በኋላ ራሷ ትልክልሽ። ክፍልሽን የተከራየችው ልብስ አጣቢ ሳታውቅሽ በጣም ሰላም ብላሻለች፤ በርሽን አረንጓዴ ቀብታዋለች፤ መንትዮቿም ስምሽን ሰምተው «የሩቋ አክስት» ይሉሻል። ሥጋ ሻጩ ሰላም ብሎሻል። ጠበቃውም ሰላም ብሎሻል፤ መጠጥ ትቻለሁ ይላል፣ አመሻሽ ላይ ይረሳዋል እንጂ። የምታስታምሚያቸውን እናት ባያውቁኝም ጤና ይስጥልኝ በዪልኝ። ጉልበትሽን በሞቀ ውኃ እሺው።

ታላቅ እህትሽ፣
ከእናታችን ቤት፣ ከተዘጋው መስኮት አጠገብ፤ ዝናቡ ባባራበት ሳምንት፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ።

ይህን ጽሑፍ ቃል ሳልቀንስ በሁለት ገልብጬዋለሁ። አንዱን የምትቀበዪው አንቺ ነሽ፣ በፖስታ። ሌላውን፣ ሱቁን ሳይዘጋ አሁን ወስጄ እጁ ላይ የማኖርለት ልብስ ሰፊው ነው።